ያየሽውን ጻፊ

እትዬ የሚለው ስም የወጣላት ገና በዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስለምትሠራ ጎህ ሳይቀድ ወጥታ ለዓይን ሲይዝ ነው የምትመለሰው፤ አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ሳምንቱን በመንገድ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ከእሷ በታች ያሉትን አምስት ልጆች ያጠበች፣ ያጎረሰች፣ አፍንጫ የጠረገች እሷው ናት። ታናናሾቿ እትዬ፣ እትዬ ሲሏት ጎረቤት ሰማና ያዘው፤ ከጎረቤት ደግሞ እናትና አባቷ ወሰዱት። አባቷ ከመንገድ ተመልሶ በሩን እያንኳኳ "እትዬ፣ ክፈቺልኝ እስቲ" ሲል የማያውቅ ሰው ቢሰማው ታላቅ እህቱ ዘንድ በእንግድነት የመጣ ይመስለው ነበር።

ልጅነቷን በዚህ ጨረሰችው። ቅሬታ የላትም ነበር፤ ሌላ ዓይነት ልጅነት መኖሩንም ብዙ አላሰበችበትም። የሕፃን ለቅሶ ከጓሮ ሆና ሰምታ፣ ይሄ የራበው ነው፣ ይሄ የረጠበ ነው፣ ይሄ እንቅልፍ ይዞት እምቢ ያለ ነው ብላ ትለያለች። ትኩሳትን በከንፈሯ ነበር የምትለካው፣ ግንባራቸውን ስማ።

ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የፈለገችው ሥነ ሕንፃ ነበር። ነጥቧ ለጥቂት አልበቃ አለና ምድብ ሲለጠፍ ስሟን ያገኘችው ቅድመ ልጅነት ትምህርትና የሰው ልጅ ዕድገት በሚል ዝርዝር ውስጥ ነው። ቤት ገብታ ስትናገር አባቷ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

"ልጅ ማሳደግ? እሱንማ ጨርሰሽ የለም እንዴ! አምስት አሳድገሽ ዲግሪውን መስጠት ሲገባቸው እንደገና ሀ ብለሽ ጀምሪ አሉሽ?"

ጎረቤቷ ደግሞ፣ "አራት ዓመት ሙሉ ንፍጥ መጥረግ ልትማሪ?" አለቻት።

እትዬም አብራ ሳቀች፤ ሌሊቱን ግን ትራሷ ርሶ አደረ።

የሚገርመው ትምህርቱን ወደደችው። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሕፃን በስምንት ወሩ ገደማ እንግዳ ሰው ሲያይ ለምን እንደሚያለቅስ ሲነገራት፣ የመጨረሻው ወንድሟ አጎታቸውን ባየ ቁጥር ቤቱን በጩኸት ያደበላልቀው እንደነበር ትዝ አላት። አጎታቸው ዓይነ ጥላ አለበት ተብሎ ስንት ወር ከበር እንዲመለስ ተደርጓል። እሷ በእጇ የምታውቀው ነገር ሁሉ ለካ በመጽሐፍ ስም አለው! ሕፃን ማንኪያውን ደጋግሞ የሚጥለው ሊያናድዳት ሳይሆን ወድቆ የት እንደሚደርስ ሊያይ መሆኑን ስታነብ፣ በዚያ ምክንያት በጥፊ ያለቻትን እህቷን አስባ መጽሐፉን ዘጋችው። ለበዓል ቤት ስትመለስ እህቷን ያለ ምንም ምክንያት አቀፈቻት። እህትየዋ አሥራ ሁለት ዓመቷ ስለነበር "ምን ሆነሻል አንቺ?" ብላ ገፋቻት።

ሦስተኛው ዓመት ላይ የምልከታ ኮርስ መጣ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሕፃን መርጦ ለአሥራ ሁለት ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ጠዋት፣ እየተመለከተ ይመዘግባል። መምህሯ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው በላዩ የሚያዩ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። ከተማሪዎቹ አብልጠው እትዬን ይወዷታል ይባላል፤ ሲወዱ ግን አያስታውቁም። የመጀመሪያ ሙከራዋን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው መለሱላት።

"'ልጁ ተናደደ' ብለሻል። ንዴት በዓይን ይታያል?"

"አይታይም።"

"ምን አደረገ?"

"ኩባያውን ወረወረ።"

"እሱን ጻፊያ! ያየሽውን ጻፊ፤ ያሰብሽውን ለራስሽ ያዢው። እዚያ ክፍል ውስጥ የለሽም ማለት ነው። ግድግዳ ነሽ፣ ግድግዳ ደግሞ ልጅ አያባብልም፣ ሞግዚትም አያርምም። ገባሽ?"

ገብቷታል። ከሁሉም የከበዳትም ይኸው ነበር፤ ሕፃን ሲያለቅስ እየሰማች እጇን ጭኗ ላይ ማስቀመጥ።

ሁለት የሕፃናት ማቆያዎች ተማሪ አንቀበልም ብለው መለሷት። ሦስተኛው ከከተማው ዳር ባለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነበር። ሞግዚቷ ወገባቸው ሰፋ ያለ፣ ግራ እግራቸውን በትንሹ የሚያነክሱ፣ ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሴት ናቸው። የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ ገልብጠው አዩትና፣ "እኔ ንባቡ ላይ የለሁበትም። ልጆቼን ካልቀሰቀስሽብኝ ግቢ" አሉ። ያን ቀን የሰጧት ዝቅተኛ በርጩማ እስከ መጨረሻው መቀመጫዋ ሆነ።

ክፍሉ ከጨርቅ መቁረጫው ጀርባ ነው። ያለው አንድ መስኮት እስከ ግማሹ በነጭ ቀለም ተቀብቷል። ወለሉ ላይ ፍራሽ ከዳር እስከ ዳር ተነጥፏል፤ ትራሶቹ በቁርጥራጭ ጨርቅ የተጠቀጠቁ ናቸው። በግድግዳው ማዶ የሁለት መቶ ስፌት መኪና ድምፅ ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል። ልጆቹ ሃያ ሦስት ናቸው፤ ከሁለት ዓመት የበለጠ የለም። ሞግዚቶቹ ሁለት ነበሩ፤ በሦስተኛው ሳምንት ረዳቲቱ ሌላ ሥራ አግኝታ ሄደችና አንድ ቀሩ። ምትክ ይመጣል ተባለ፤ አልመጣም።

እትዬ የመረጠቻት ልጅ ዓመት ሊሞላት አንድ ወር የቀራት፣ ሞግዚቷ ድንቡሼ የሚሏት ናት። ጉንጯ ከአንገቷ ጋር የተጋጠመ፣ በፍራሽ ጠርዝ እየተደገፈች ለመቆም የምትታገል፣ ስትወድቅ ዙሪያዋን አይታ የሚያያት ካለ ብቻ የምታለቅስ ልጅ። እናቷ በማዶ በኩል ኮሌታ ትተክላለች። በምሳ ሰዓት እየሮጠች መጥታ ታጠባትና እየሮጠች ትመለሳለች።

ፋብሪካው አንድ ደንብ አለው። የልጅ ለቅሶ እስከ መኪናዎቹ ድረስ ከተሰማ ተቆጣጣሪዋ መጥታ የማን እንደሆነ ትጠይቃለች፤ እናትየዋ ከመኪናዋ ተነስታ እንድታባብል ትጠራለች፤ ስሟም ይመዘገባል። ሦስት ጊዜ ከተመዘገበ ልጁ ከማቆያው ይወጣል። ልጇን የምታስቀምጥበት ያጣች እናት ደግሞ ምን እንደምትሆን ለማንም ግልጽ ነው።

ቡናማዋን ጠርሙስ እትዬ መጀመሪያ ያየቻት በአራተኛው ሳምንት ነው። ሞግዚቷ ከመሳቢያ አውጥተው በማንኪያ እየቀዱ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ሄዱ።

"ምንድን ነው እማማ?"

"ለጉንፋን ነው። ሽሮፕ።"

"ሁሉንም ያዛቸው እንዴ?"

ሞግዚቷ ቀና ብለው አዩዋት። ቁጣ አልነበረባቸውም። "አንዱ ከያዘው ሁሉም ነው። አንቺ ጻፊ፣ ጻፊ" አሉ።

ጻፈች። ማንኪያውን እየቆጠረች አሰፈረች። ልጆቹ ተኙ። የተኙትም አንድ ዓይነት እንቅልፍ ነው፤ አይገላበጡም፣ አይቃዡም፣ ዝንብ ከንፈራቸው ላይ ሲያርፍ አይሸሹም። አምስት ልጅ ያስተኛ እጅ ይህ የልጅ እንቅልፍ አለመሆኑን ያውቃል። እትዬ አውቃለች። ደብተሯ ላይ ግን "አሥራ አንድ ልጆች ተኝተዋል" ብላ ሰዓቱን ብቻ አሰፈረች። ስለ ሴትየዋም ክፉ ማሰብ አልቻለችም። አንዱን በጀርባቸው፣ አንዱን በጭናቸው ይዘው የሦስተኛውን ሽንት ጨርቅ የሚቀይሩ ሰው ናቸው። የሌላ ሰው ልጅ አፍንጫ ሲደፈን በአፋቸው መጥጠው ሲያወጡለት አይታለች።

በስድስተኛው ሳምንት ደብተሩን አስረከበች። ሲመለስላት ማንኪያው ከተጻፈበት መስመር ጎን በቀይ "ግሩም! ትክክለኛ ምልከታ ማለት ይህ ነው" የሚል አገኘች። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች።

በዘጠነኛው ሳምንት፣ አንድ ሐሙስ፣ እትዬ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ አጠገብ ነበረች። የሳምንቱ ርዕስ ልጅ ከእናቱ ሲለይ የሚያሳየው ነገር ነበር። ሰርቪስ ያመለጣት የድንቡሼ እናት ደወሉ ከተደወለ በኋላ ቁና ቁና እየተነፈሰች ደረሰች። ሞግዚቷ በውስጥ በኩል አንዱ ልብሳቸው ላይ አስመልሶባቸው ይጠራርጋሉ። እናቲቱ ልጇን እትዬ ክንድ ላይ አስቀመጠቻት።

"እባክሽ እህቴ፣ እያሳላት ነው። ጠዋት ሽሮፕ ሰጥቻታለሁ በያቸው።"

"እሺ።"

እናቲቱ ሮጠች። እትዬ ልጅቷን ፍራሹ ላይ አስቀምጣ ደብተሯን ከፈተች። እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "1፡34። እናት፦ 'ጠዋት ሽሮፕ ሰጥቻታለሁ በያቸው።' ልጅቷ በሩን እያየች ሁለት ደቂቃ አለቀሰች።" ጽፋ ስትጨርስ ልትናገር ነበር። ሞግዚቷ ያስመለሰውን ልጅ ይዘው ወደ ቧንቧው ወጡ። ሲመለሱ ሁለት ልጆች ተናከሱ። ከዚያ ተቆጣጣሪዋ ብቅ ብላ "ዛሬ ምንድን ነው ይሄ ጩኸት?" ብላ ሄደች። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ መሳቢያው ተከፈተ።

እትዬ ያኔ ትዝ አላት። ማንኪያው ድንቡሼ ጋ ሲደርስ ከበርጩማዋ ብድግ አለች።

"እማማ..."

"ቆይ ልጄ፣ አንዴ" አሉ ሞግዚቷ ዞር ሳይሉ። ማንኪያው ገባ። ልጅቷ ፊቷን አጨፈገገች፣ ዋጠችው።

"ምን ልትይ ነበር?"

እትዬ ከዚያ በኋላ በሕይወቷ ሙሉ ወደዚህች ጥያቄ ተመልሳለች። መልሱ አፏ ውስጥ ነበር። ግን ማንኪያው ገብቷል፤ አሁን ቢነገራቸው ሴትየዋን ማስደንገጥ ነው፤ ያው እንደ ሁልጊዜው ትተኛለች፤ ደግሞም አንድ ማንኪያ ምን ያደርጋታል። ይህን ሁሉ ያሰበችው ዓይን በሚርገበገብበት ቅጽበት ነው።

"ምንም" አለች። ቁጭ ብላም ጻፈችው።

ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ያለውን በየአምስት ደቂቃው እንድትመዘግብ ነበር የታዘዘችው። ተኝታለች። ተኝታለች። አልተንቀሳቀሰችም። ተኝታለች። አሥራ ሁለት መስመር፣ አንዱ ከአንዱ በታች፣ በሚያምር እጅ ጽሑፍ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን እናቲቱ ሸሚዟን እየፈታች ልታጠባት ገባች። ልጇን ብድግ ስታደርጋት አንገቷ ወደ ኋላ ተንጠለጠለ። ከንፈሯ አመድ መስሏል። እናቲቱ መጀመሪያ አልጮኸችም፤ "ተነሽ፣ ተነሽ እንጂ" እያለች ጉንጯን ትመታት ነበር። ከዚያ ግን ጮኸች። በግድግዳው ማዶ ለምሳ ያልወጡት ሴቶች ስፌት መኪናዎች አንድ በአንድ ዝም አሉ።

ድንቡሼ አልሞተችም። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኝታ ወጣች። በፍራሽ ጠርዝ ተደግፋ ልትቆም ትታገል የነበረች ልጅ ስትወጣ አንገቷን ማቅናት አትችልም ነበር። ሐኪሙ ሽሮፑ ተደራርቦባት አንጎሏ አየር ያጣበት ጊዜ እንደረዘመ ለእናቲቱ ነገራት። ስንት ደቂቃ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም አለ።

ፋብሪካው ኮሚቴ አቋቋመ። ሞግዚቷ እናትየዋ መስጠቷን አላውቅም አሉ፤ እናቲቱ ለተማሪዋ ነግሬያለሁ አለች። እትዬ ከመጠራቷ በፊት ደብተሯን ይዛ መምህሯ ቢሮ ሄደች። መምህሯ በሩን ዘግተው ገጾቹን ገለጡ። በቀይ "ግሩም!" ብለው የጻፉበት መስመር ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

"ይህን ሌላ ያየ ሰው አለ?"

"የለም።"

"ፎቶ ኮፒስ?"

"የለም።"

መምህሯ ደብተሩን ዘጉት። ከዚያ፣ "መመሪያው ሁለተኛ ገጽ ላይ እኮ የሕፃኑ ደህንነት አደጋ ላይ ከወደቀ ምልከታው ይቋረጣል ይላል። አንብበሽዋል?" አሉ።

"አስምሬበታለሁ።"

"ታዲያ?"

እትዬ መምህሯን እንደዚያ ተናግራ አታውቅም። "እርስዎስ?" አለች።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ያለ መነጽር ፊታቸው ያረጀ፣ የሌላ ሰው ፊት መሰለ። ደብተሩን ወደ እሷ ገፉላት። "የእኔን እኔ እመልሳለሁ። አንቺ የሚጠይቁሽን መልሺ" አሉ።

መምህሯ በኮሚቴው ሲጠየቁ "አላስተዋልኩትም" አሉ፤ ተቀባይነት አገኘላቸው። እትዬ አልተናደደችባቸውም። እውነታቸውን እንደሆነ ታውቃለች።

ደብተሩ ፍርድ ቤት ሄደ። በሞግዚቷ ላይ ከቀረበው ማስረጃ ሁሉ የጠነከረው እሱ ነበር፤ ቀን አለው፣ ሰዓት አለው፣ ማንኪያው ተቆጥሯል። ፋብሪካው የማናውቀው ነገር ነው አለና ማቆያውን ዘጋ። ክፍሉ የጨርቅ መጋዘን ሆነ፤ ከእናቶቹ ዘጠኙ ሥራ ለቀቁ። ሞግዚቷ ሁለት ዓመት ከስድስት ወር ተፈረደባቸው። ፖሊሷ ስታወጣቸው ኮሪደሩ ላይ እትዬ ቆማ ታለቅስ ነበር።

"አንቺ ደግሞ ምን ያስለቅስሻል" አሉ ሞግዚቷ፤ ድምፃቸው ልጅ የሚያስተኙበት ድምፅ ነው። "ልጆቹ ሃያ ሦስት እንደነበሩ ጽፈሻል?"

"ጽፌያለሁ እማማ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ።"

"እሱን አላነበቡትም" አሉና እያነከሱ ሄዱ።

የድንቡሼ እናት በሌላው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ይህን ታያለች። ልጅቷን ደረቷ ላይ አስራታለች። እትዬ ቀረብ ስትል ቀና አለች።

"ዳኛው ሲያነቡት ሰማሁ። ቃሌን አንድም ሳታጎድዪ ነው የጻፍሽው።"

"አዎ።"

"ለእሳቸው መንገሩ ከመጻፉ ይከብድ ነበር?"

 እናቲቱ መልስ ሳትጠብቅ የልጇን ለሃጭ ጠረገችና ፊቷን አዞረች።

እትዬ ትምህርቷን አንድ ዓመት ዘግይታ ጨረሰች። ዲግሪዋ አባቷ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል፤ እንግዳ ሲመጣ አባቷ ያሳያል፣ ምን እንደሚል ግን አያነብላቸውም። መዋዕለ ሕፃናት አልተቀጠረችም። ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ውስጥ በመስኮት በኩል የተማሪ ቅጽ እየተቀበለች ማኅተም ትመታለች፤ ይኸው ስድስት ዓመት ሆናት። እህቶቿ ወልደዋል። ታናሿ አራስ ቤት ሆና "እስቲ እትዬ፣ እኔን ያሳደገው እጅ ይባርክልኝ፣ ያዢልኝ" ብትላት፣ እጄ ቀዝቃዛ ነው ብላ ከኪሷ ሳታወጣው ተመለሰች። ቤተሰቡ ቅር አለው፤ ልጅ ስላልወለደች ነው፣ ቀንታ ነው ተባለ። ይበሉ ብላ ተወችው።

የድንቡሼን እናት ቤት ጠይቃ ያገኘችው ከፍርዱ በኋላ በአራተኛው ወር ነው። የመጀመሪያ ቀን በሩ ተዘጋባት። ሁለተኛ ጊዜ አልተከፈተም። ሦስተኛ ጊዜ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እናቲቱ እጅጌዋን እንደሰበሰበች፣ ክንዷ አረፋ እንደሆነ ከፈተች። ከኋላዋ ልጅቷ ትጮሃለች። ባልየው ከሄደ ሁለት ወር ሆኖታል።

"ግቢ" አለች። "ይቅር ብዬሽ አይደለም። እጅ አጥቼ ነው።"

"አውቃለሁ" አለች እትዬ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቀርታ አታውቅም። ስለዚያ ሐሙስ ተነጋግረው አያውቁም፤ የሚነጋገሩት ስለ ውሃው ሙቀት፣ ስለ ልጅቷ ጀርባ ቁስል፣ ስለ ሆድ ድርቀቷ ነው። እናቲቱ አንዳንዴ ትስቃለች፤ ያኔ ሁለቱም ይደነግጣሉ። ልጅቷ አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቃል የላትም። በጠባብ ክፍል መሃል ሳፋው ተቀምጦ እንፋሎቱ ሲወጣ ታውቀዋለች፤ ትንፋሿ ይፈጥናል። አድጋለች፣ ከብዳለች፣ አንድ ሰው ብቻውን አያነሳትም። እናቲቱ በእግሯ በኩል ትይዛለች፣ እትዬ በብብቷ በኩል። "በይ፣ አንድ፣ ሁለት" ትላለች እናቲቱ፣ ያነሷታል።